ሽማግሌው ሞተርና የሙሽራዋ ፓምፕ

ሰኞ፣ ግንቦት 5

ታላቅ የኀዘን መግለጫ! ለዘመድ አዝማድ፣ ለወዳጅ ጎረቤት፣ ለሐይቁ ዓሦችም ጭምር። ለረጅም ዘመን ሲያስል፣ ሲያጨስና ሲያማርር የኖረው የጀልባችን ሞተር፣ በቅጽል ስሙ «ሽማግሌው»፣ ዛሬ ጧት በሐይቁ መካከል፣ ተሳፋሪዎች በተሰበሰቡበት፣ ከዚህ ዓለም ድካም ዐርፏል። ሟቹ ትዳር አልያዘም። ልጅም አልወለደም። ሐዘንተኞቹ አጎቴና እኔ ብቻ ነን።

እሺ፣ አሁን በቁም ነገር። እንደማንኛውም ሰኞ ነበር የወጣነው። አጎቴ መሪው ላይ፣ እኔ ገመድ ላይ። መሀል ስንደርስ የተቃጠለ ጎማ ሸተተኝ። ከዚያ ከወለሉ ሥር እንፋሎት ቡልቅ ቡልቅ...

«ምንድን ነው እሱ?» አለች ሽንኩርት ሻጯ።

«ሻይ እያፈላን ነው። ስኳር ስንት ላድርግልሽ?» አልኳት።

አልሳቀችም። ሰው ሊሰምጥ ሲል ቀልድ አይገባውም።

«ቁንጫ፣ አጥፊው! አጥፊው አልኩሽ!» አጎቴ ነው። (ቁንጫ እኔ ነኝ። ትንሽ ስለሆንኩ፣ ስለምዘልና ስለምናከስ ነው ይላሉ። ሰዎቻችን ስም ማውጣት ያውቁበታል።) አጠፋሁት። ሞተር ሲጠፋ ሐይቁ መሀል ያለው ዝምታ እንዴት ይከብዳል! እየቀዘፍን ተመለስን። አስተማሪው ሳይቀሩ ቀዘፉ። «ከስምንተኛ ክፍል ትተሽኝ የሄድሽው ለዚህ ነው?» አሉኝ፣ ላባቸው በግንባራቸው እየወረደ። «ይኸው እርስዎም ተከተሉኝ» አልኳቸው።

አጎቴ እስከ ወደቡ ዓይኑን ከሞተሩ ላይ አላነሳም። ቢቆጣኝ ይሻል ነበር።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 6

ጋሽ ብሎን መጣ። የወደቡ መካኒክ ነው። እውነተኛ ስሙን እሱ ራሱ የረሳው ይመስለኛል። ኪሱ ሁልጊዜ ብሎን ስለሚሞላ ሲራመድ ይንሿሿል፤ ስለዚህ ሊደበቅ አይችልም። ለእኔ ይህ ትልቅ ጥቅም አለው።

ሽማግሌውን ከፈተው። የውሃ ፓምፗ ዘንግ እንደ ደረቅ እንጨት ለሁለት ተሰብሯል። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ፓምፗ ከጀልባዋ ሆድ ባለው ቀዳዳ የሐይቁን ውሃ ትስባለች፣ ውሃው ሞተሩን እየዞረ ያቀዘቅዛል፣ ከዚያ ከኋላ በጭስ መውጫው ይተፋል። የሚተፋ ሞተር ጤነኛ ነው። የማይተፋ ሞተር ይፈላል። በቃ፣ ምሥጢሩ ይኸው ነው።

«አዲስ ፓምፕ ግዛለታ» አልኩ።

«ለዚህ ሞተር? የሠሩት ሰዎች እንኳ አርጅተው ሞተዋል።»

ወሬ ክንፍ አለው፤ ከሰዓት በኋላ ሊቀመንበሩ መጡ። የጀልባ ባለቤቶች ማኅበር ሊቀመንበር ናቸው። ሁሉም ሰው በግራሶ በሚለወስበት ወደብ ላይ ነጭ ጫማ የሚያደርጉ ብቸኛ ፍጡር። «የሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ፣ በአሥራ ሰባት፣ ፍተሻ ነው» አሉ። «ማዶ ደርሶ ያልተመለሰ ጀልባ ተራው ለሌላ ይሰጣል። ደንብ ነው።»

ተራ የሌለው ጀልባ ከዚህ ወደብ አንድ ሰው መጫን አይችልም። ይህን ሐይቁ ላይ የተወለደ ዳክዬም ያውቀዋል።

«ደንብ ከሆነ ደንብ ነው» አለ አጎቴ። ይህን ብቻ! እሱ እኮ ከሚዛን ሠራተኛ ጋር ስለ አንዲት ጆንያ ግማሽ ቀን የሚከራከር ሰው ነው። እቤት ሲገባ ደግሞ ለሚስቱ፣ ለእትዬ፣ «የወደቡ መጋዘን ጥበቃ ይፈልጋል አሉ» አላት። እትዬ ማንኪያዋን አስቀመጠች። እኔም አስቀመጥኩ። አጎቴ ጥበቃ? ግድግዳ ሊጠብቅ? ክረምቱ ሲወጣ መሪውን ላንቺ እሰጣለሁ ብሎኝ ነበር እኮ... አሁን ምኑን ነው የሚሰጠኝ? የመጋዘኑን በር?

አይሆንም። እዚህ ላይ ጻፍኩት፤ አይሆንም።

ረቡዕ፣ ግንቦት 7

ጋሽ ብሎን ግቢ ሄድኩ። ሰበቤ ቁልፍ መመለስ። (ቁልፉን የወሰድኩት እኔው ነኝ፤ ስለዚህ ብመልሰው ነውር የለውም።) ከጋራዡ ጀርባ በሸራ የተሸፈነ ነገር አለ። ላዩ ላይ ዶሮ ተኝታለች። ሸራውን ገለጥኩት።

ሞተር! የኛው ወገን! ያው ፋብሪካ፣ ያው ቀለም፣ ግን የቅርብ ጊዜ ልጅ። ድንጋይ የመታው ጀልባ ውስጥ የነበረች ናት። ሆዷ ተሰንጥቋል፣ አትነሳም። ፓምፗ ግን... ፓምፗ ጤነኛ!

«ጋሽዬ፣ ይቺ ሙሽራ ተሸፋፍና ማንን ነው የምትጠብቀው?»

«አትንኪያት።»

«ፓምፗ ለሽማግሌው...»

«አይገጥምም። አሮጌና አዲስ አይጋባም።»

«ሞክረኸዋል?»

«አልሞከርኩም።»

«ታዲያ በምን አወቅህ?»

«ሠላሳ ዓመት መካኒክ ነኝ!»

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ አልሞከርክም ማለት ነው።»

ዶሮዋን ወረወረብኝ። ብዙ ነገር ተወርውሮብኝ ያውቃል። ዶሮ ግን የመጀመሪያዬ ነው።

ሐሙስ፣ ግንቦት 8

ተመልሼ ሄድኩ። አባረረኝ። በጀርባ በኩል ገባሁ። በጀርባ በኩል አባረረኝ። በሩ ላይ ተቀመጥኩና ለሚገባ ለሚወጣው ደንበኛ ሁሉ «ጋሽ ብሎን ዛሬ ከዶሮ ጋር ስለተጣላ አይሠራም» ማለት ጀመርኩ። ሦስተኛው ደንበኛ ሲመለስ ራሱ ወጣ።

«አንድ ሳምንት» አለ ጣቱን ዓይኔ ሥር አድርጎ። «ከዛሬ እስከሚመጣው ሐሙስ። ሻዬ ውስጥ ሳሙና አይገባም። ጫማዬ ወለል ላይ አይቸነከርም። ቆቤ ውስጥ ግራሶ አይገኝም። ሰው ትሆኛለሽ! ሰው ከሆንሽ ፓምፗን ውሰጃት።»

«አንድ ሳምንት ሙሉ?»

«እሱንም የምትችይ ከሆነ ነው።»

ማልኩ። በምን እንደማልኩ አልጽፍም፤ በጣም ከባድ መሐላ ነው።

ወዲያው መፍታት ጀመርን። ሙሽራዋ ፓምፗን ከኋላዋ ነው የያዘችው፤ ሽማግሌያችን ደግሞ ከፊቱ። «አንዱ በጉያው፣ አንዷ በጀርባዋ አዝላ» አልኩ። «ዝም ብለሽ ፍቺ» አለኝ። የኛ ቱቦዎች ስለበሰበሱ የእሷን ሁለቱንም ቱቦ አብረን ወሰድን።

«ስትገጥሚ እንደነበረ ነው የምትገጥሚው» አለ ጋሽ ብሎን። «ከራስሽ አንዲት ነገር እንዳትጨምሪ።»

ሰው ሆኛለሁ ብያለሁ አይደል? ስለዚህ እትዬ ሳጥን ውስጥ ያለውን የጥፍር ቀለም ተዋስኩ። (እሷ ገና ስላላወቀች ነው እንጂ መዋስ ነው።) ከሐይቁ ውሃ የሚያስገባው ቱቦና ቀዳዳው ላይ ቀይ ቀባሁ። ወደ ሞተሩ የሚያስወጣው ላይ ሐምራዊ። ቀይ ከቀይ፣ ሐምራዊ ከሐምራዊ። አይሳሳትም። ጋሽ ብሎን አይቶ «ኧረ ልብ ገዛሽ!» አለ። ደስ አለኝ... ትንሽም አፈርኩ። ሲያመሰግኑኝ ምን እንደሚባል አላውቅም።

ዓርብ፣ ግንቦት 9

ሰው መሆን፣ ሁለተኛ ቀን። መንጋጋዬን አመመኝ። ጋሽ ብሎን ሻዩን አስቀምጦ ዞር ባለ ቁጥር እጄን ይበላኛል። ምንም አላደረግኩም። እሱ ግን ሻዩን አሽትቶ፣ አሽትቶ፣ ደፋው። መልካም ስም እንዲህ ነው።

እሑድ፣ ግንቦት 11

ገጠመ!!!

ትናንትና ዛሬ ስንታገል ነበር። መጀመሪያ የፓምፗ ጭራ ከሽማግሌው ጋር አልያያዝ አለ። ጋሽ ብሎን የአሮጌዋን መያያዣ ፈትቶ ለአዲሷ አደረገላት፤ ጥብቅ! ከዚያ ውሃ እንዳያንጠባጥብ በፓምፗና በሞተሩ መሀል የሚገባውን ጓርኒሲዮን ከወፍራም ወረቀት ቆረጥኩ፣ በመቀስ፣ ምላሴን አውጥቼ። ከዚያ ብሎኖቹ። አንደኛው ገባ። ሁለተኛው ገባ። ሦስተኛው... ትንፋሼን ያዝኩ... ገባ!

«አይገጥምም ያለው ማን ነበር?» አልኩ በጣም በትሕትና።

«ብሎን ገባ ማለት ሠራ ማለት አይደለም።»

ቱቦዎቹን እኔ ነኝ የገጠምኩት። ቀይ ከቀይ። ሐምራዊ ከሐምራዊ። ካቻቢቴዬን ይዤ ማሰሪያቸውን አጠበቅኩ። ቀና ስል አጎቴ ወደቡ ላይ ጀርባውን ሰጥቶን ቆሟል። አላየሁም ለማለት ነው። አንገቱ ግን ወደኛ ዞሯል፤ እንዲህ የቆመ ሰው አንገቱ እንደሚታመም አውቃለሁ። አልጠራሁትም። ነገ ሞተሩ ሲነሳ ድምፁ ራሱ ይጠራዋል።

ሰኞ፣ ግንቦት 12

ተነሳ። ዱቅ ዱቅ ዱቅ... አጎቴ ሮጦ መጣ። እግሩ ላይ አንድ ጫማ ብቻ!

አልተፋም።

ጠበቅን። ከኋላ የሚወጣው ደረቅ ጭስ ብቻ። ጋሽ ብሎን እጁን ሞተሩ ላይ አደረገ፣ አነሳ፣ እፍ አለበት። «አጥፉት።»

አጎቴ እንደገና ወደ ቤት ሄደ። አሁን ቀስ ብሎ፣ በአንድ ጫማ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 13

ሁሉንም አየን። ፓምፗ ውስጥ አበባ የመሰለች ባለ ቅጠል ጎማ አለች፤ ስትዞር ውሃውን የምትገፋው እሷ ናት። ቅጠሎቿ ደህና። ቢሆንም በሌላ ቀየርናት። ማጣሪያውን አጠብን፤ ባለ መስታወት ክዳን ጣሳ ነው፣ ከጀልባዋ ሆድ ቀዳዳና ከፓምፗ መሀል የተቀመጠ። ንጹሕ። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ከጀልባዋ ሥር ዋኝቼ ገባሁና በቀዳዳው ጣቴን ከተትኩ። ክፍት። ቱቦዎቹን አየሁ። ቀይ ከቀይ፣ ሐምራዊ ከሐምራዊ። በጥርሴ ነክሼ ልሞክራቸው ምንም አልቀረኝም።

ታዲያ ምን ሆና ነው? ትዞራለች። ጤነኛ ናት። አትስብም። ኩርፊያ ነው? ሞተር ያኮርፋል?

«ነግሬሻለሁ» አለ ጋሽ ብሎን። በድል አይደለም የተናገረው። እሱም አዝኗል። «ሲያዩት አንድ ይመስላል። የዚህ ዘመን ዕቃ ግን ጠባዩ ሌላ ነው።»

በመጋዘኑ በኩል ስመለስ አጎቴን አየሁት። የጥበቃ ካፖርት እያስለኩት ነበር። እጅጌው ረዝሞ ጣቶቹን ውጧቸዋል። እነዚያ እጆች ማዕበል ላይ መሪ ሲይዙ አይቻለሁ... አሁን የሉም። እጅጌ ብቻ። ግድግዳ ጥግ ተደበቅሁ። ሌላ ቀን ቢሆን ኖሮ እጅጌውን ለእጅጌው እቋጥርበት ነበር። ዛሬ እጄ አልታዘዘኝም።

ረቡዕ፣ ግንቦት 14

ምንም። አበባዋን አውጥቼ መለስኳት። አውጥቼ መለስኳት።

ሐሙስ፣ ግንቦት 15

ዛሬ ተጣላን። አጎቴና እኔ። ጀልባዋን ለአናጢው ሊሰጣት ነው። ለመደርደሪያ! የተሳፋሪ መቀመጫዋ ላይ ሰው ሳህን ሊደረድርባት!

«እስከ ቅዳሜ እኮ ጊዜ አለን፣ ጋሼ።»

«ምን ያለው ጊዜ? የሞተ ነገር ነው። ተይው።»

«አልተውም።»

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ያሉት ላንቺ ነው!»

«ይሁን። ሞኝ ነኝ። አልለቅም።»

ሊመታኝ መሰለኝ። ትክ ብሎ አየኝና ወጣ። በሩን እንኳ አልወረወረውም፣ ቀስ አድርጎ ዘጋው። እትዬ ደግሞ በዚያው ሰዓት ሳጥኗን ከፈተች። «የጥፍር ቀለሜን የት ነው ያደረግሽው?» «ሞተር ላይ።» «ምን ላይ?» የዛሬው ቀን የሚያልቅ አልመሰለኝም።

አንድ ጥሩ ነገር። የጋሽ ብሎን ሳምንት ዛሬ አለቀ። ከነገ ጀምሮ ሰው አይደለሁም።

ዓርብ፣ ግንቦት 16

ቀስ ብዬ ልጻፈው። ፊደሌ ይጣመማል። ከሳቅ ነው? ከድካም ነው? እንጃ።

ጧት አናጢው ሜትሩን ይዞ መጣ። ሊቀመንበሩም፣ ለምስክርነት፣ ነጭ ጫማቸውን አድርገው። አናጢው የጀልባዋን ጎን እንደ ሐብሐብ ያንኳኳል። «ጥሩ እንጨት ነው። ጥሩ እንጨት ነው።» አጎቴ የሰማ አይመስልም።

«ጋሼ፣ አንዴ ላስነሳው» አልኩ። «ስንብት ነው።»

«ለአፍታ ብቻ። ይግላል።»

እዚህ ላይ እውነቱን ለራሴ ልንገር። ለስንብት ብቻ አልነበረም። ሊቀመንበሩ ከኋላ፣ ልክ በጭስ መውጫው አጠገብ ቆመዋል። ሽማግሌው ፓምፗ ከተገጠመችለት ወዲህ አንዲት ጠብታ አልተፋም። ግን ምናልባት፣ በስተመጨረሻ፣ ለክብሩ ሲል አንዲት ጉንጭ ቢተፋስ? ያቺ ጉንጭ በሳሙና ትሁን አልኩ። በኪሴ ከያዝኩት የዱቄት ሳሙና ግማሹን ማጣሪያው ውስጥ ደፋሁና ክዳኑን አጠበቅኩ። አስነሳሁ። ዱቅ ዱቅ ዱቅ...

ከኋላ ምንም። ደረቅ ጭስ። ነጩ ጫማ እንደነጣ ቀረ።

ተናድጄ በጎን በኩል አጎንብሼ ምራቄን ልተፋ ስል...

«ኧረ ጀልባዋ አረፋ ደፈቀች!» አናጢው ነው የጮኸው።

ከሆዷ ሥር። ከመሀሏ። ነጭ አረፋ ቡፍ፣ ቡፍ፣ ቡፍ እያለ ይወጣል፣ እንደ ልብስ ማጠቢያ ሳፋ። አረፋው እየሰፋ እየሰፋ ጎኗን ከበባት። ሊቀመንበሩ ሦስት እርምጃ ወደኋላ ሸሹ። አጎቴ «አጥፊው!» አለ። አጠፋሁት። ከዚያ ማጣሪያውን አየሁት።

ሳሙናው ማጣሪያ ውስጥ ነው ያለው። ፓምፗ ከዚያ ብትስብ ወደ ሞተሩ ይሄዳል። ግን ወደ ሐይቁ ነው የወጣው። ታዲያ... ማን ገፋው?

ሮጥኩ። እስከ ጋራዡ ድረስ ሁለቴ ወደቅሁ።

«ጋሽዬ! ማጣሪያው ውስጥ ሳሙና ብትጨምር አረፋው በየት ይወጣል?»

«ሳሙና ለምን እጨምራለሁ?»

«በል ብቻ!»

«በጭስ መውጫው ነዋ።»

«በሆዷ ቢወጣስ?»

ሻዩን ወደ አፉ እየወሰደ ነበር፤ እጁ መንገድ ላይ ቆመ። ኪሱ ውስጥ ያሉት ብሎኖች እንኳ ዝም አሉ።

«ሳሙናውን ማን ነው የጨመረው?»

«ሐሙስ አልፏል፣ ጋሽዬ። ውላችን አብቅቷል።»

አልተቆጣም። ተነስቶ ፊት ለፊቴ ቆመ። «ጣትሽን እንደ ሰዓት አዙሪ» አለኝ። አዞርኩ። «አታቁሚ። እዚህ እኔ ጋ ሆኜ ሳየው ወዴት ነው የምታዞሪው?»

«እንደ ሰዓት ነዋ... አይ... ካንተ በኩል ሲታይ...»

«ወደ ኋላ!» ጭኑን መታ። «ሙሽራይቱ ላይ ፓምፗ ከኋላ ነበረች! እኛ ከፊት አስቀመጥናት! ፊቷን ስናዞራት አዟዟሯም ተገለበጠ! አሮጌው ፓምፕ ከመጀመሪያውም ለዚያ ወገን ነበር የተገጠመው። ይቺ ፓምፕ ደህና ትሠራለች፤ መግቢያዋን መውጫ፣ መውጫዋን መግቢያ አድርገን ነው እንጂ! የሐይቁን ውሃ መልሳ ለሐይቁ ስትሰጥ ነበር!»

ቀይ ከቀይ። ሐምራዊ ከሐምራዊ። በሕይወቴ አንዴ ብቻ ጨዋ ሆኜ፣ አንዴ ብቻ እንደታዘዝኩት ሠርቼ... እሱው ነው ጉድ የሠራን! ወለሉ ላይ ተቀምጬ ሳቅሁ። እሱ ደግሞ «እንደነበረ ግጠሚ ያልኳት እኔ! እኔው ራሴ!» እያለ ቆቡን አውልቆ ፊቱን ጠረገ። ቆቡ ውስጥ ግራሶ ነበር። (ጧት ሳልፍ የቀባሁት ነው። ሐሙስ አልፏል ብያለሁ።) ግንባሩ ጠቆረ። አልነገርኩትም።

ስንደርስ አናጢው እየለካ ነበር። ካቻቢቴዬን ይዤ ማሰሪያዎቹን ፈታሁ። ቀዩን ቱቦ ሐምራዊው ቀዳዳ ላይ። ሐምራዊውን ቀዩ ላይ። ዓይኔ አልወደደውም፤ ቀለሙ ተጣልቷል። ሥራው አናጢው አንዱን ጎን ለክቶ ሳይጨርስ አለቀ።

«ጋሼ፣ አሁን አንተ አስነሳው» አልኩት።

አጎቴ ወደ አናጢው አየ። ወደ ሊቀመንበሩ አየ። ወደ ጥቁሩ የጋሽ ብሎን ግንባር አየና ምን ሆነህ ነው ሊል ብሎ ተወው። አስነሳው።

ዱቅ ዱቅ ዱቅ። አንድ ሳል። ሌላ ሳል። ከዚያ ቷ! ከኋላ ውሃ። ወፍራም፣ የማያቋርጥ፣ ትፍ፣ ትፍ፣ ትፍ።

አጎቴ ጎንበስ አለና እጁን ከውሃው ሥር ያዘ። ለረጅም ጊዜ ያዘው። እጅጌው እስከ ክርኑ ራሰ።

«ለብ ያለ ነው» አለ። «አልፈላም። ለብ ያለ ነው።»

ድምፁ ደግሞ... ተወው። አልጽፈውም። አናጢው ሜትሩን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 17

ፍተሻ። ሊቀመንበሩ ተሳፈሩ፤ ከኋላ ቆሙ፣ የሚተፋውን ለማየት። ደንብ ነው። ማዶ ደረስን፣ ተመለስን። ሽማግሌው አንዴም አላቃሰተም።

ወደቡ ልንደርስ ስንል ግን ውሃው ነጣ። ከዚያ አረፋ ሆነ። ንፋስ ደግሞ ከኋላ ነበር... ነጩ ጫማ አረፋ ለበሰ። ሱሪውም። የትናንቱ ሳሙና ግማሹ ተርፎ እንደነበር አስታውሳለሁ። መመለሻ ላይ ማጣሪያውን ማን እንደከፈተው ግን አይታወቅም።

«ይህ ምንድን ነው?» አሉ ሊቀመንበሩ።

አፌን ልከፍት ስል አጎቴ ቀደመኝ። ፊቱ እንደ ዳኛ።

«ሽማግሌ ነው፣ ሊቀመንበር። ከተነሳ ገና አንድ ቀኑ ነው። ገላውን እየታጠበ ነው።»

አጎቴ! ቀለደ! ገመዱን ጥዬ ልወድቅ ነበር። ሊቀመንበሩ ጫማቸውን አዩ፣ አጎቴን አዩ፣ ሐይቁን አዩ። «ተራችሁ ተራችሁ ነው» አሉና አረፋቸውን እያንጠባጠቡ ወረዱ።

ሰኞ፣ ግንቦት 19

ሰኞ ነው። እንደማንኛውም ሰኞ ወጣን። ሽንኩርት ሻጯ፣ አስተማሪው፣ ሁለት ጆንያ፣ አንድ ፍየል። አጎቴ ካፖርቱን ለመጋዘኑ መለሰ፤ «እጅጌው ይረዝማል» ብሎ። ለእትዬ አዲስ የጥፍር ቀለም ገዛሁላት፤ ዛሬ ጧት አንዱን እጇን ቀይ፣ ሌላውን ሐምራዊ ቀብታ ወደቡ ድረስ መጥታ አውለበለበችልን። እኔን ለማሾፍ ነው። ከማን እንደተማረችው አላውቅም።

አጎቴ ዛሬ ገመድ ላይ ነው። እኔ መሪው ላይ። «ክረምቱ ሲወጣ አላልክም?» ብዬ ብጠይቀው «ገመዱ ናፈቀኝ» አለ። ሽንኩርት ሻጯ ማን መሪ እንደያዘ ስታይ «እኔ ልውረድ» አለች። «መሀል ላይ ነን፤ ውረጂ» አልኳት። አስተማሪው መጽሐፋቸውን ዘግተው «ቀስ በይ፣ ልጄ፣ ቀዘፋ ትከሻዬን ጎድቶታል» አሉኝ። ቀስ አልኩላቸው። መሪ ሲይዙት እንዲህ እንደሚከብድ አላውቅም ነበር... ደስ የሚል ክብደት። ከኋላዬ ትፍ፣ ትፍ፣ ትፍ።

የመጀመሪያውን ሰኞ ገጽ ገልጬ የጻፍኩትን የኀዘን መግለጫ አነበብኩት። ዓለም የጠፋች አስመስዬዋለሁ! ሲጠቃለል ነገሩ ምን ነበር? አንዲት ፓምፕ ፊቷን ዞረች። ሁለት ቱቦዎች ቦታ ተለዋወጡ፤ በአንድ ካቻቢቴ፣ ሻይ ሳይቀዘቅዝ። ሟቹም አልሞተም ነበር። ሞቆት ነው።

መግለጫው ተሽሯል። ለዓሦቹ እኔ ራሴ እነግራቸዋለሁ።